ውስጠ ቃታ እና ጎነ ቃታ

«ባለ ሁለት በርሜል ሽጉጥ» የሚለው ሐረግ በፊልም ትርጉሞች ላይ ደጋግሞ ይታየኝ ጀምሯል። በርሜል በአማርኛ ናፍጣና ውሃ የሚጠራቀምበት ዕቃ ነው። ሽጉጥም «ሸጎጠ» ከሚለው ግስ የወጣ በመሆኑ መጠኑን ስሙ ራሱ ይናገራል፤ ወገብ ላይ የሚሸጎጥ አጭር መሣሪያ ነው። ትከሻ ላይ ተደግፎ የሚተኮሰውን፣ እርሳስ ፍሬ የሚረጨውን ረጅም የአደን ጠመንጃ በዚህ ስም መጥራት ዕቃውንም ቋንቋውንም መበደል ነው። አፈሙዝ የሚባል ቃል አለን። የመጀመሪያው ክፍሉ በ«አፈ ጉባኤ» ውስጥ ያለው «አፈ» ነው፤ ከመሣሪያው ጫፍ አልፎም መላውን የብረት ቱቦ ለመጥራት ሲያገለግል ኖሯል።

«ባለ ሁለት» ማለትም አይበቃም። ሁለቱ አፈሙዞች ጎን ለጎን ናቸው ወይስ አንዱ በሌላው ላይ? አማርኛ ይህን የሚለይበት ቃል አላጣም። «ደረበ» አንዱን በሌላው ላይ አደረገ ማለት ስለሆነ፣ ላይና ታች የሆኑትን «ድርብ አፈሙዝ» እንበላቸው። ጎን ለጎን የተጋጠሙት፣ የጥንቱ የእንግሊዝ የአደን ጠመንጃ መለያ የሆኑት፣ «መንታ አፈሙዝ» ናቸው። መንታ እኩያ ነው፤ አንዱ ሌላውን አይጫንም።

ከዚህ የሚከብደው የውስጡ ነገር ነው። እንግሊዞች መንታ አፈሙዛቸውን በተኩስ ማሽኑ አቀማመጥ በሁለት ይከፍሉታል። ማሽኑን የሚጠሩበት ቃል የበርና የሳጥን መዝጊያም ስም በመሆኑ፣ አንዱን ወገን «የጎን ቁልፍ» ሌላውን «የሳጥን ቁልፍ» እያሉ የሚተረጉሙ አሉ። አማርኛ አንባቢ «የሳጥን ቁልፍ» ሲል የሚታየው የእናቱ ሳጥን መክፈቻ ነው። ጠመንጃው ውስጥ ግን የሚከፈት ሳጥንም የሚዞር ቁልፍም የለም። ያለው በሞላ የተወጠረ መዶሻ፣ መዶሻውን ይዞ የሚያቆይ ጥርስና ጥርሱን የሚያስለቅቅ ምላጭ ነው። ጥርሱ ሲለቅ መዶሻው መርፌውን ይመታል፤ መርፌው የጥይቱን ቂጥ ይወጋል።

ይህን ሁሉ በአንድነት «ቃታ» ብንለው እመርጣለሁ። ብዙ ሰው ቃታ የሚለው ጣት የሚስበውን ክፍል እንደሆነ አውቃለሁ፤ ለዚያ ግን «ምላጭ» አለልን። «ቃታ ሳበ» ሲባልም ጣቱ ያረፈው ምላጩ ላይ ይሁን እንጂ፣ ተናጋሪው በልቡ የያዘው ተወጥሮ የነበረው ነገር መለቀቁን ነው። ሁለት ቃል እያለን ሁለቱንም በአንድ ብረት ላይ መጫን ብክነት ነው።

አሁን ወደ ሁለቱ ወገኖች። በመጀመሪያው፣ የቃታው ክፍሎች የሚሰኩት በአንዲት ረጅም የብረት ገበታ ጀርባ ላይ ነው። ገበታዋ በጠመንጃው ጎን ላይ፣ ግማሿ በሰደፉ እንጨት ውስጥ ተቀብራ ትቀመጣለች። ለግራ አንድ፣ ለቀኝ አንድ። መዶሻው በውጭ ይታይ ከነበረበት ከባልጩት ዘመን የወረደ አሠራር ነው። በሁለተኛው ግን ገበታ የለም። ክፍሎቹ የሚገቡት ጠመንጃው በሚታጠፍበት፣ ወገቡ ልንለው በምንችለው የብረት አካል ውስጥ በተፈለፈለ ጉድጓድ ነው፤ ከጎን ወደ ጎን የሚያልፉ ፐርኖዎች ይይዟቸዋል። ይህን የፈጠሩት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1875 በበርሚንግሃም፣ በዌስትሊ ሪቻርድስ የጠመንጃ ሥራ ቤት ይሠሩ የነበሩት ዊልያም አንሰንና ጆን ዲሊ ናቸው። ብልሃታቸው ቦታ መቀየር ብቻ አልነበረም። ጠመንጃው ለማጉረስ ሲታጠፍ፣ የአፈሙዞቹ መውረድ ራሱ መዶሻዎቹን መልሶ ይወጥራቸዋል። በአውራ ጣት መዶሻ መሳብ ቀረ፤ የክፍሎቹም ቁጥር በእጅጉ ቀነሰ።

ለሁለተኛው «ሆደ ቃታ» የሚል ሐሳብ ሰምቻለሁ። አይጠላም። ነገር ግን «ሆደ ሰፊ»፣ «ሆደ ባሻ»፣ «ሆደ ቡቡ» ስንል የምንናገረው ስለ ጠባይ ስለሆነ፣ ጠመንጃው የሚያኮርፍ ይመስላል። «ውስጠ ቃታ» ይሻላል። «ውስጠ ደንብ» እና «ውስጠ ወይራ» ጆሯችንን አለማምደውልናል፤ ከውጭ የማይታይ፣ ዋናውን ነገር በውስጡ የያዘ። ለመጀመሪያው ደግሞ «ጎነ ቃታ»። «ጎነ ሦስት»፣ «ጎነ አራት» እያለ ሒሳብ የተማረ ሁሉ ይህን አጠራር ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል። «የጎን ቃታ» ቢባል ስህተት የለውም፤ ግን ከ«ውስጠ ቃታ» አጠገብ ሲቆም ይጎተታል።

የጎነ ቃታውም ክፍሎች ከገበታዋ ጀርባ የተሸሸጉ ስለሆኑ ሁለቱም ውስጠ ቃታ ናቸው የሚል ተከራካሪ ይኖራል። መልሱ ጠመንጃውን በመፍታት ይገኛል። ጎነ ቃታ ሲፈታ ገበታዋ ከነሞላዋ ከነመዶሻዋ ሙሉ ሆና ከጎኑ ወጥታ መዳፍ ላይ ታርፋለች። የተለመደው ውስጠ ቃታ ሲፈታ በእጅ የሚያዝ ሙሉ ቃታ አይወጣም፤ ፐርኖዎቹ ሲመቱ ክፍሎቹ አንድ በአንድ ይለቀማሉ። ዌስትሊ ሪቻርድስ በ1897 ቃታው በእጅ ተነቅሎ በታች በኩል እንዲወጣ ያደረገበት አሠራርም ቢሆን፣ የሚወጣው ከዚያው ከወገቡ ውስጥ ነው።

የለንደን ቤቶች ለምርጥ ሥራቸው ጎነ ቃታን የሙጥኝ ያሉበት ምክንያት የእጅ ሥራውን ቀረብ ብሎ ላየ አይሰወርም። ፍሬድሪክ ቢስሊ በ1880 ያስመዘገበውንና የፐርዲ ቤት የገዛውን ጎነ ቃታ እንውሰድ። ከተኩስ በኋላ ሞላው ውስጥ የሚተርፈው ጉልበት ጠመንጃውን ራሱ እንዲከፈት ይገፋዋል። እንዲህ ያለውን ገበታ በዋልነት እንጨት ውስጥ ለመቅበር ሠራተኛው ብረቱን በመብራት ጭስ ጥቀርሻ ይቀባዋል፤ እንጨቱ ላይ ይጫነዋል፤ ያነሳዋል። ጥቁር ያረፈበት ነጥብ ብረቱ የነካው ነው። እሱን ብቻ በመሮ ላጥ ያደርጋል። እንደገና ይቀባል፣ ይጫናል፣ ያነሳል። ጥቀርሻው በመላው ጉድጓድ እኩል እስኪታተም ድረስ ይህ ይቀጥላል፤ ሲያልቅ በብረቱና በእንጨቱ መካከል ፀጉር አይገባም። ያችኑ ሰፊ ገበታ በኋላ ቀራጩ ይረከባትና በጽጌረዳና በሐረግ ይሞላታል። ውስጠ ቃታ ለቀራጭ ይህን ያህል ሜዳ አይሰጥም፤ ለእንጨት ሠሪው ግን ብዙ ድካም ይቀንሳል።

ይህ ሁሉ የእንግሊዝ ጉዳይ ነው፣ ለእኛ ምን ይሠራልናል የሚል ካለ፣ አማርኛ ከዚያች አገር ብረት ጋር ቀድሞ መተዋወቁን ያስታውስ። በ1868 በአውሮፓ አቆጣጠር እስከ መቅደላ የዘለቀው ጦር የያዘው ስናይደር በእኛ አፍ «ሰናድር» ሆነ፤ የፈረንሳዩ ግራም «ውጅግራ» ተባለ። ያኔ የመሣሪያው መጠሪያ ከባዕድ ቢመጣም ሰደፉ ሰደፍ፣ ቀለሁ ቀለህ፣ ምላጩም ምላጭ ነበር። ጠመንጃ ፈትቶ የሚገጥም ሰው የብረቱን ክፍሎች በአማርኛ እየጠራ ነበር የሚሠራው። ዛሬ ትርጉም የሚሠራ ሰው ያንን መዝገብ ሳይገልጥ በርሜልና ሳጥን የሚደረድርበት ምክንያት አይታየኝም።

የአፈሙዙን ስፋት «12 ቁጥር» ማለትም ይበቃል፤ ቁጥሩ ቱቦውን ልክ የሚሞሉ ከአንድ ፓውንድ እርሳስ የሚወጡ ድቡልቡል ጥይቶች ብዛት ነውና። ያልተቆረጠ የሚቀረኝ ባዶ ቀለህ የሚያወጣው ክፍል ነው። አንዱ ዓይነት ቀለሁን ጥቂት ከፍ አድርጎ ለጣት ይተወዋል፤ ይህን «ገፊ» እለዋለሁ። ሌላው የተተኮሰውን ብቻ ለይቶ አስፈንጥሮ ይጥላል፤ ያልተተኮሰውን ከፍ ከማድረግ በቀር አይነካውም። ለዚህኛው «አስወጪ» የሚሉ አሉ፤ የሁለቱን ልዩነት ስለሚያጠፋ አልቀበለውም። «ወርዋሪ» ይባል።