ከማርሽ እስከ ኤሊ

የዛሬው የታሪክ ማስታወሻችን የሚነሳው በእስራኤል ካለው የአፉላ ማዕከላዊ አውቶቡስ ጣቢያ፣ ብዙዎቻችን በዕብራይስጥ «ታሃና መርካዚት» ከምንለው ቦታ ነው።

አንድ አውቶቡስ ከመቆሚያው ወጥቶ ሲታጠፍ፣ የውጭኛው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ ርቀት ይጓዛል። ሁለቱ እኩል ቢሽከረከሩ አንደኛው አስፋልቱን እየፋቀ ይንሸራተት ነበር። ልዩነቱን የሚያቻችለው በኋላ ጎማዎች መሀል ያለው ዲፈረንሻል ነው። መካኒክ ሁሉ ያውቀዋል። ኋላ የሒሳብ ምሁር የሆነው ሲሞር ፓፐርት ግን ስሙን የለመደው ሁለት ዓመት ሳይሞላው ነው።

ፓፐርት እ.ኤ.አ. በ1928 በደቡብ አፍሪካ፣ ፕሪቶሪያ ተወለደ። ኋላ እንደጻፈው፣ አፉን ሲፈታ ከሚያውቃቸው ቃላት ብዙዎቹ የመኪና ዕቃ ስሞች ነበሩ። ትምህርት ቤት ገብቶ የማባዛት ሰንጠረዥ ሲማርም በዓይነ ሕሊናው ያያቸው ተያይዘው የሚዞሩ ትልቅና ትንሽ ማርሾችን ነው።

በወጣትነቱ አፓርታይድን ተቃወመ። በሒሳብ ሁለት ዶክትሬት ያዘ፤ አንዱን በአገሩ፣ ሌላውን በካምብሪጅ። ከ1958 እስከ 1963 ደግሞ ጄኔቫ ውስጥ ከልጆች ሥነ ልቦና ተመራማሪው ዣን ፒያዤ ጋር ሠራ። ፒያዤ ልጅን ዕውቀት እንደሚሞላበት ባዶ እንስራ አይቆጥረውም ነበር፤ ልጅ የሚያውቀውን የሚገነባው ራሱ ነው ይል ነበር። ፓፐርት ይህን ይዞ ወደ አሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ተሻገረ፤ ከማርቪን ሚንስኪ ጋርም የሰው ሠራሽ አስተውሎት ቤተ ሙከራን መራ።

ማሽን እንዴት እንደሚያስብ ሲመረምር፣ ልጅ እንዴት እንደሚያስብ የሚለው ጥያቄ አልለቀው አለ።

በ1967 ከዋሊ ፎይርዛይግና ከሲንቲያ ሰለሞን ጋር ሆነው ሎጎ የተባለውን የልጆች የኮምፒውተር ቋንቋ ሠሩ። ያን ጊዜ ኮምፒውተር ዋጋው የማይቀመስ፣ ባለሙያዎች ብቻ የሚነኩት ዕቃ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ኤሊዋ መጣች፤ ወለል ላይ እየሄደች በብዕር መስመር የምትስል ትንሽ ሮቦት። «100 ወደፊት፣ 90 ዲግሪ ወደ ቀኝ» የሚለውን አራት ጊዜ ያዘዘ ልጅ ካሬ ያገኛል። ክብ የፈለገስ? ፓፐርት መልሱን አይነግረውም፤ ተነሥቶ ራሱ እንዲራመድ ያደርገዋል። አንድ እርምጃ፣ ትንሽ ዞር፤ አንድ እርምጃ፣ ትንሽ ዞር። ጂኦሜትሪው በእግሩ ይገባዋል።

በ1980 ያሳተመው «ማይንድስቶርምስ» መጽሐፍ ኮምፒውተሩ ልጁን ከሚያዝ ልጁ ኮምፒውተሩን ይዘዝ ሲል ተከራከረ። «ማይንድስቶርምስ» የተባሉት የሌጎ ሮቦቶች ስማቸውን ያገኙት ከዚሁ መጽሐፍ ነው።

ሐሳቡ ኢትዮጵያም ደርሷል። ፓፐርት ከደገፉት አንዱ የሆነው፣ ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ ይመራው የነበረው «ለአንድ ልጅ አንድ ላፕቶፕ» ድርጅት በ2012 ወደ ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ታብሌቶች ላከ። የሚያስተምር ሰው አልተመደበም፤ ኃይሉ ከፀሐይ ነበር፤ የልጆቹን አጠቃቀም የመዘገበውን ካርድ በየሳምንቱ የሚቀይር ባለሙያ ብቻ ይመጣ ነበር። ኔግሮፖንቴ እንደተናገረው፣ አንድ ልጅ በአራት ደቂቃ ውስጥ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ። ከወራት በኋላም ልጆቹ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ራሳቸው ከፈቱት።

ፓፐርት ግን በ2006 መጨረሻ ሃኖይ ውስጥ መንገድ ሲሻገር ሞተር ብስክሌት ገጭቶት አንጎሉ ክፉኛ ተጎድቶ ነበር። በሐምሌ 2016 በ88 ዓመቱ አረፈ።

ኤሊዋ ዛሬ ድመት ሆናለች። ሐሳቡን የወረሱት ሚቸል ሬዝኒክና ባልደረቦቹ በ2007 ስክራች የተባለውን ነጻ ፕሮግራም ለዓለም ልጆች አቀረቡ። ልጁ ትእዛዞቹን እንደ ሌጎ ጡብ ይገጣጥማል፣ ድመቷ ትራመዳለች። ከቋንቋዎቹ ዝርዝር ውስጥ ዕብራይስጥ አለ፤ አማርኛም አለ። አውቶቡስ የሚጠብቅ የአፉላ ልጅ አማርኛውን መርጦ ታብሌቱን ለአያቱ ቢያቀብል፣ ትእዛዙን ፊደል የቆጠሩት አያት ያነቡለታል።