አሮጌ የእጅ መሣሪያዎችን መሰብሰብና ማደስ

መላጊያ፣ መጋዝ፣ መሮና የመሳሰሉ ያገለገሉ መሣሪያዎችን ገዝቶ ለሥራ ወይም ለስብስብ የማብቃት የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። በተለይ በአሜሪካና በብሪታንያ የተስፋፋ ነው።

ስብስብ። በእጅጉ ከሚፈለጉት አንዱ ሊዮናርድ ቤይሊ የፈለሰፈው የብረት መላጊያ ነው፤ የፈጠራ መብቱን ስታንሊ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1869 ገዝቶታል። ሰብሳቢዎች የምርት ዘመኑን የሚገምቱት በአካሉ ላይ ከሰፈረው የፓተንት ቀን፣ ከማስተካከያ ብሎኑ ስፋትና ከእጀታው እንጨት ዓይነት ነው።

እድሳት። መሣሪያው ተፈታቶ የዛገው ክፍል አቼቶ ውስጥ ያድራል፤ ከዚያም በሽቦ ብሩሽ ይፈገፈጋል። አሲዱ በቤኪንግ ሶዳ ውኃ ታጥቦ፣ ብረቱ ወዲያው ደርቆ ዘይት ካልተቀባ ዝገቱ ቶሎ ይመለሳል። የመላጊያው ግርጌ ጠፍጣፋ መስታወት ላይ በተዘረጋ ብርጭቆ ወረቀት ይስተካከላል። ምላጩ በመሳያ ድንጋይ ይሳላል፤ በሞተር ሲሞረድ ግሎ ጫፉ ሰማያዊ ከሆነ ጥንካሬውን ያጣል።

ዋጋ። ከመጠን ያለፈ ጽዳት፣ በተለይም ጥቁሩን የፋብሪካ ቀለም መፋቅ፣ በሰብሳቢዎች ዘንድ የመሣሪያውን ዋጋ ይቀንሳል። ለሥራ በሚፈለግ መሣሪያ ላይ ግን ይህ እምብዛም አያሳስብም፤ ዋናው የአካሉ አለመሰንጠቅና የምላጩ ርዝመት ነው።