ጥይቷ ትንሽ ስለሆነች ነው?

የዛሬው ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ባለፈው እሁድ ማታ ከአሜሪካ ተደወለልኝ። አሥረኛ ክፍል ታሪክ ያስተማርኩት ልጅ ነው፤ አሁን ቨርጂኒያ ይኖራል። ድምፁ ልክ አልነበረም። «ቲቸር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ ግን እንዳይስቁብኝ» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኅዳር ላይ ከሥራ ባልደረባው ጋር አጋዘን ሊያድን ወጣ። (እዚያ ያለው የኛ ሰው «ዲር» የሚሉትን አጋዘን ይለዋል። የኛው አጋዘን ቀንዱ የሚጠማዘዘው ሌላ እንስሳ ነው፤ የነሱ በመጽሐፍ ቅዱስ ዋላ የተባለው ነው።) የያዘው 243 ዊንቸስተር የሚባል ጠመንጃ ነው፤ ጥይቱን ባልደረባው ጋራዡ ውስጥ በእጁ የሞላው። 80 ሜትር ላይ ትከሻዋን መታት። ወደቀች፣ ተነሳች፣ ሮጠች። እስከ እኩለ ሌሊት በባትሪ ፈለጓት፤ የለችም። በማግስቱ ጅረት ዳር ሞታ አገኟት። ቁስሉ ሰፊ ነው፤ ግን ጥልቀት የለውም። ሥጋዋም ተበላሽቶ ነበር።

«ሌሊቱን ሙሉ ስትሰቃይ አደረች ቲቸር። ባልደረባዬ ጠመንጃህ ትንሽ ነው፣ ትልቅ ግዛ ይለኛል። እውነት ጥይቷ ትንሽ ስለሆነች ነው?»

እኔ በሕይወቴ ተኩሼ አላውቅም። የታሪክ መምህር ግን ጥያቄ ሲመጣለት ዝም ማለት አይችልም። ሳምንቱን ሙሉ ሳነብ ሰነበትኩ። መልሱን ለሱ ብቻ ከምነግረው ለሁላችሁም ልጻፈው አልኩ።

ከምናውቀው እንጀምር፤ ከውጅግራ። ውጅግራ ፈረንሳዮች በ1874 የሠሩት የግራ ጠመንጃ ነው፤ አያቶቻችን አድዋ ላይ ይዘውት ነበር። ስፋቱ 11 ሚሊ ሜትር፣ አረሩ 25 ግራም ገደማ የሚመዝን እርሳስ ነው። በጭሳም ባሩድ ስለሚተኮስ በጣም አይፈጥንም፤ የሚሠራው በክብደቱ ነው። ያኔ ጥይት ውድ ነበር፤ በአገራችን እንደ ገንዘብም መገበያያ ሆኖ ያውቃል። ስለዚህ ቀለህ አይጣልም። አያቴ ባዶ ቀለህ በከረጢት ሲያስቀምጡ ትዝ ይለኛል። ጥይት በእጅ መሙላት ማለት ይኸው ነው፦ የተተኮሰውን ቀለህ ወደ ልኩ መመለስ፣ ግርጌው ላይ እሳት የምትጭረውን ቆብ መቀየር፣ ባሩድ መዝኖ መጨመር፣ አዲስ አረር አፉ ላይ መግጠም።

ከዚያ ዓለም ተገለበጠች። ፈረንሳዮች ጭስ አልባ ባሩድ አገኙና በ1886 ስፋቱ 8 ሚሊ ሜትር የሆነውን ለበል ጠመንጃ አወጡ። አረሩ አነሰ፤ ፍጥነቱ ጨመረ። ራቁቱን የሆነ እርሳስ ግን በዚያ ፍጥነት አፈሙዝ ውስጥ ይላጣል። ስለዚህ የብረት ሽፋን አለበሱት። የልጁ ችግር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሽፋኑ ከሳሳ አረሩ ገና ቆዳ ሲነካ ይፈረካከሳል። ከወፈረ ደግሞ ሳይከፈት አልፎ ይሄዳል። በሁለቱም አውሬው ቆስሎ ይሮጣል።

አሜሪካኖች ይህን የተማሩት ቀስ ብለው ነው። ቻርልስ ኒውተን የሚባል ጠበቃ ነበር፤ ጥይት መቀመር ይወዳል። ለሳቬጅ ኩባንያ አንድ አነስተኛ ጥይት ቀመረና 100 ግሬይን አረር ይሁንላት አለ። (ግሬይን የክብደት መለኪያ ነው፤ ቃሉ የእህል ቅንጣት ማለት ነው። 100 ግሬይን 6.5 ግራም ገደማ ይሆናል።) ኩባንያው ግን በሴኮንድ 3,000 ጫማ የሚል ማስታወቂያ ፈልጓል። ስለዚህ አረሩን ወደ 87 ግሬይን አቀለለና በ1915 «250-3000» ብሎ ለገበያ አወጣት። ፍጥነቷን ስሟ ላይ ጻፉት! ለአውሬው የሚበጀው ሳይሆን ገዢን የሚስበው አሸነፈ ማለት ነው።

ሁለተኛው ታሪክ የጆን ኖስለር ነው። በ1946 ካናዳ፣ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውስጥ ሙስ ሊያድን ሄደ። ሙስ ከዋላ ወገን ትልቁ ነው፤ በሬ ያስንቃል። ኖስለር የያዘው ትንሽ ጠመንጃ አልነበረም፤ በዘመኑ ኃይለኛ ከሚባሉት አንዱ ነው። ቢተኩስም ቢተኩስም አረሩ ትከሻው ላይ እየተፈረካከሰ ወደ ውስጥ አልገባ አለ። ሰውየው ትልቅ ጠመንጃ ልግዛ አላለም። ቤቱ ተመልሶ መሐሉ ላይ የመዳብ ግድግዳ ያለው አረር ሠራ። የፊቱ ክፍል ይከፈታል፤ የኋላው ሳይፈርስ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። በ1948 ሥራውን ኩባንያ አደረገው። አረሩ ዛሬም ይሸጣል።

ሦስተኛው የልጁ የራሱ ጠመንጃ ታሪክ ነው። በ1955 ሁለት ኩባንያዎች ስፋታቸው አንድ ዓይነት፣ 6 ሚሊ ሜትር የሆኑ ሁለት ጥይቶች አወጡ። ሬሚንግተን ያሰበው ማሳ የሚያበላሹ ትንንሽ እንስሳትን ነበር። ስለዚህ አፈሙዙ ውስጥ ያለውን ጠመዝማዛ መስመር ለቀላል አረር እንዲስማማ አድርጎ ሠራው። ዊንቸስተር ግን ሁለቱንም አሰበ፤ 80 ግሬይኑ ለትንንሾቹ፣ 100 ግሬይኑ ለአጋዘን። ገበያው ወደ ዊንቸስተር ሄደ። ሬሚንግተን በ1963 የጥይቱን ስም ቀይሮ፣ ጠመዝማዛውንም አጥብቆ እንደገና ሞከረ፤ ግን ረፍዶ ነበር።

እንግዲህ 243 ከተወለደ ጀምሮ ለአጋዘን የሚሆን አረር ነበረው። ይህን ካነበብኩ በኋላ መልሼ ደወልኩለትና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅኩት፦ «ያ ጥይት ለምን ተብሎ የተሞላ ነበር?»

ዝም አለ። ከዚያ «ባልደረባዬ በበጋ ከተኮሰው የተረፈ ነው። ሽኮኮ የሚያህሉ ማሳ የሚቆፍሩ እንስሳት አሉ፣ ለነሱ። 58 ግሬይን ይላል» አለኝ።

አያችሁ? ያ አረር 3.8 ግራም እንኳ አይሞላም፤ ሽፋኑም ስስ ነው። የተሠራው ሽኮኮ የሚያህል እንስሳ ላይ ቶሎ እንዲበተን ነው። የተሠራበትን ሥራ ሠራ፤ ትከሻዋ ላይ ተበተነ። ሕጉም አላዳናትም። የቨርጂኒያ ደንብ ለአጋዘን ጠመንጃው ከ0.23 ኢንች እንዳያንስ ይላል፤ የሱ 0.243 ነው፣ ያልፋል። ኮሎራዶ ቢሆን ስፋቱን ብቻ አያይም፤ አረሩም ከ70 ግሬይን እንዳያንስ ይጠይቃል።

ለልጁ ያልኩት ይህን ነው። ጠመንጃህን አትሽጥ። መጀመሪያ አረሩን ምረጥ፦ ሣጥኑ ላይ ለአጋዘን የተባለ፣ 90 ወይም 100 ግሬይን፣ ሽፋኑ ወፈር ያለ ወይም መሐሉ ግድግዳ ያለው። ከዚያ ያንተ ጠመንጃ አንድ ቦታ ላይ ሰብሰብ አድርጎ ይመታበት እንደሆነ ወረቀት ላይ ሞክር። ባሩዱን ከታተመ መመሪያ፣ ከዝቅተኛው መጠን ጀምረህ መዝን፤ በግምት አይሆንም፣ ዓይንና እጅ የሚያሳጣ ነገር ነው። ለምን እንደተሞላ ያልተጻፈበትን የሰው ጥይት አትተኩስ። ፍጥነቱን መጨረሻ ላይ ጠይቅ። የፋብሪካ ጥይት ሲያሳፍርህ ፋብሪካውን ትወቅሳለህ፤ በእጅ ሲሞላ ግን ፋብሪካው ሞይው ነው።

አያቴ ያቆሰሉትን አውሬ ጥሎ መሄድ ነውር ነው ይሉ ነበር። ልጁ እስከ እኩለ ሌሊት ፈልጓል፤ ሲነጋም ተመልሷል። ይህን ስነግረው ትንሽ ቀለለው መሰለኝ። «ቲቸር፣ ዛሬ ሣጥኖቹ ላይ ሁሉ በማርከር ልጽፍ ነው» አለኝ።

ታሪክ ምን ይጠቅማል ብላችሁ የምትጠይቁኝ፣ አንዳንዴ እንዲህ ላለው ነው። መልካም ሳምንት።