«አስሊ ነው ወይስ ተቀይሯል?» የመኪና ድምፅ ታሪክ ከካርቱሟ ሪያድ

ሪያድ ስንል የሳዑዲን ዋና ከተማ ማለታችን አይደለም። የካርቱሟን ሪያድ ነው፤ ከሲቲን ጎዳና አጠገብ ያለችውን፣ ቪላና ፎቅ የበዛባትን ሰፈር። እዚያ መኪና ስናሻሽጥ፣ የመኪና ዕቃ ከዱባይ እያስመጣን ለባለ ሱቆች ስናቀብል የኖርን ሁሉ አንዲት ጥያቄ ከጆሯችን አትጠፋም። ገዢው ላንድክሩዘሩን ዞሮ ዞሮ ካየ፣ ጎማውን በእግሩ መታ መታ ካደረገ በኋላ ይገባና በሩን ይዘጋል። ከዚያ ወደ ዳሽቦርዱ እየጠቆመ «አስሊ ወላ ሙገየር?» ይላል። የፋብሪካው ነው ወይስ ተቀይሯል?

መጀመሪያ ላይ «ተቀይሯል» ማለት ዋጋ ይጨምር ነበር። «ፓዮኒር ገብቶበታል፣ ከኋላ አምፕሊፋየርና ቤዝ አለው» ስንል የገዢው ፊት ይፈታል። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ግን ያቺው ቃል ዋጋ ታወርድ ጀመር። ገዢው ፊቱን ያጨፈግግና ወደ ሽቦው ጎንበስ ይላል። አንዲት ቃል በአንድ ሰፈር ውስጥ ከሙገሳ ወደ እንከን እንዴት እንደተገለበጠች ነው ዛሬ የምናወጋው። ዓመታቱን የምንጠቅሰው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ሬዲዮና መኪና አብረው አልተወለዱም። በአሜሪካ የጋልቪን ወንድማማቾች በ1930 ሞቶሮላ ያሉትን የመኪና ሬዲዮ ሲያወጡ፣ ዕቃው ለብቻው ተገዝቶ መኪናው ላይ የሚገጠም ነበር። በጀርመን ደግሞ ቤከር በ1953 ጣቢያ በራሱ የሚፈልግ ሬዲዮ አወጣ፤ ስሙንም «ሜክሲኮ» አለው፣ መርሴዲስ ከዓመት በፊት ሜክሲኮ ላይ ያሸነፈውን ውድድር ለማስታወስ። ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት መርሴዲስ የሚገዛ ሰው ሬዲዮውን ለብቻው መርጦ፣ ለብቻው ከፍሎ ነበር የሚያስገባው። ማለትም የቅንጦት መኪና ውስጥ እንኳ ድምፁ የሌላ ድርጅት ሥራ ነበር። መኪና ሻጭና ድምፅ ሻጭ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ እኛም የገባነው በሁለቱ መካከል ነው።

በእኛ አካባቢ ግን ሰው ሬዲዮ እንዲያስቀይር መጀመሪያ የገፋፋው ቤዝ ወይም ጩኸት አልነበረም፤ ወሬ ነበር። የኦምዱርማን ሬዲዮ ከ1940 ጀምሮ ለካርቱም ሰው ቅርብ ነው። ለስደተኛው ሐበሻ ግን የአገሩ ወሬ ይመጣ የነበረው በአጭር ሞገድ ነው፤ የዶይቸ ቬለ አማርኛ ከ1965 ጀምሮ፣ የአሜሪካ ድምፅ አማርኛ ደግሞ ከ1982 ጀምሮ። አጭር ሞገድ የሌለው ሬዲዮ ያለበት መኪና ምንም ያማረ ቢሆን ማታ ማታ ዲዳ ነው። ስለዚህ «ባለ አጭር ሞገድ አለህ?» የሚለው ጥያቄ ከ«ስንት ዋት ነው?» ብዙ ዓመት ይቀድማል።

ከዚያ ካሴት መጣ። ፊሊፕስ በ1963 ለዓለም ያስተዋወቀው ነው። ከዚያ በፊት አሜሪካኖቹ በ1956 ክራይስለር መኪና ላይ የሸክላ ማጫወቻ ገጥመው ሞክረው ነበር፤ መርፌው እየዘለለ አስቸገረና ብዙም ሳይቆይ ተዉት። የጎንደርን–መተማን የድሮ መንገድ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ መሳቁ አይቀርም። አዲስ አበባ ውስጥ አምሃ እሸቴ በ1969 በጀመረው በአምሃ ሪከርድስ የታተሙት ሸክላዎች የቤትና የቡና ቤት ነበሩ፤ መኪና ውስጥ የገባው ዘፈን የካሴት ነው። ካሴት በሸሚዝ ኪስ ይገባል፣ ኬላ ላይ ብዙ አይጠየቅበትም፣ ቢጠፋም ይቀዳል። የጥላሁን ገሠሠ ድምፅ ወደ ካርቱም፣ የመሐመድ ወርዲ ድምፅ ወደ ጎንደርና አዲስ አበባ የተሻገረው በዚህ መንገድ ነው። ሁለቱም አገሮች ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት ስለሚወዱ ቃሉ ያልገባው ሁሉ ዜማውን ይይዘዋል። ያ ዘመን ስሙን ትቶልን ሄዷል፤ ዛሬም በጣት የሚነካ ስክሪን እያየን «ቴፕ» እንላለን፣ ሱዳኖቹም «ሙሰጅል»፣ መቅጃ፣ ይሉታል። አሁን የሚቀዳ ነገር እኮ የለም!

ስለዚህ ንግድ ሲወራ ሁልጊዜ የሚረሳው ቀዳዳው ነው። የመኪና ቴፕ የሚገባበት ቀዳዳ በጀርመን ደረጃ ተወስኖ በ1984 ዓለም አቀፍ መለኪያ ሆነ፤ ወርዱ 180 ሚሊሜትር፣ ቁመቱ 50። ከስንዝር ትንሽ ያነሰች ቀዳዳ መሆኗ ነው። እንጀራችን ያለው እሷ ውስጥ ነበር። ማንኛውም ቴፕ ማንኛውም መኪና ውስጥ ይገባል፤ የጃፓኑ አልፓይን በጀርመኑ መርሴዲስ፣ የጀርመኑ ብላውፑንክት በጃፓኑ ቶዮታ። ለሌባም እንዲሁ ተመቸች፤ ስለዚህ ባለ እጀታ ተነቃይ ቴፕ መጣ፣ ባለቤቱ እንደ ምሳ ዕቃ አንጠልጥሎ ቤቱ ይገባል። ቆይቶም ፊቱ ብቻ የሚነቀለው ወጣ።

በዚያ ዘመን መቀየር ትክክል ነበር፤ ይህን በድፍረት እንናገራለን። ፋብሪካው ተራ መኪና ላይ የሚያስቀምጠው ስፒከር ስስ ወረቀትና ትንሽ ማግኔት ነበር። ካርቱም በበጋ ከ40 ዲግሪ በላይ ትሆናለች፣ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጡ ደግሞ ምድጃ ነው። የስፒከሩ የስፖንጅ ጠርዝ ይፈረፈራል፣ ሀቡብ ሲነሳ አቧራው የሲዲውን ሌንስ ይሸፍናል። ጠርዙ ጎማ የሆነ ጥሩ ስፒከር ስንገጥምለት ደንበኛው የዘፋኙን ትንፋሽ ሳይቀር ይሰማል።

ለውጡ የጀመረው ከእኛ ርቆ ነበር። በ1983 ሞዴል ካዲላክ ሴቪልና በሌሎች ጥቂት የጄኔራል ሞተርስ መኪኖች ላይ የቦስ ድምፅ ከፋብሪካው ተገጥሞ ወጣ። አዲስ ነገሩ የስፒከሩ ዓይነት ብቻ አልነበረም፤ ድምፁ ለዚያች መኪና ተብሎ መስተካከሉ ነው። መስታወቱ ድምፅ ይመልሳል፣ ወንበሩ ድምፅ ይውጣል፣ ሾፌሩ ከግራው ስፒከር ጋር ተጠግቶ ከቀኙ ይርቃል። ይህን ሁሉ መኪናው ሳይሸጥ ለክተው ያስተካክሉታል። ሌክሰስ በ1989 ሲወጣ ኤልኤስ 400ን ከናካሚቺ ድምፅ ጋር አቀረበ፤ ከ2001 ሞዴል ጀምሮ ደግሞ ማርክ ሌቪንሰን በኤልኤስ 430 ላይ ገባ። እኛ ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብለን «ፋብሪካ ምን ያውቃል?» ስንል እነሱ ልኬታቸውን ጨርሰው ነበር።

ሪያድ እነዚህን መኪኖች ያየችው ከነዳጁ በኋላ ነው። ሱዳን ነዳጅ ወደ ውጭ መላክ የጀመረችው በ1999 ነው፤ በቀጣዮቹ ዓመታት የሰፈሩ ግቢዎች በላንድክሩዘርና በሌክሰስ ሞሉ። የአሜሪካ የንግድ ማዕቀብ ግን ከ1997 እስከ 2017 ነበር። ክሬዲት ካርድ በማይሠራበት ከተማ የአሜሪካ ስፒከር በቀጥታ አታዝዝም። በዱባይ በኩል በሻንጣ፣ በሰው እጅ ይመጣል፤ ያ ሰው ብዙ ጊዜ ከእኛ አንዱ ነበር።

አሁን ኑዛዜ። ዋት እየቆጠርን ሸጠናል። ካርቶኑ ላይ «50 በ4» ይላል፣ አንዳንዱ ስሙ የማይታወቅ ዕቃ «1000 ዋት» ይላል፣ እኛም እናነብለታለን። በመኪና 14 ቮልት ገደማና በ4 ኦም ስፒከር፣ የተለየ አምፕሊፋየር ሳይኖር ከቴፑ የሚወጣው ንጹሕ ኃይል ለአንድ ስፒከር 20 ዋት ቢሆን ነው። ይህን የሚያውቅ ያውቅ ነበር። ዝም ያለውም ዝም ብሏል።

የተማርነው በኪሳችን ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከመካከላችን አንዱ ጥሩ የፋብሪካ ድምፅ ላለው መኪና አዲስ ቴፕ ሸጠና ለአንድ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሰጠው። እንዲህ ባሉ መኪኖች አምፕሊፋየሩ ለብቻው ተደብቆ ይቀመጣል፣ ስፒከሩም አንዳንዴ 2 ኦም ወይም ከዚያ በታች ነው፤ የገበያው ቴፕ ደግሞ የተሠራው ለ4 ኦም ነው። ሠራተኛው አምፕሊፋየሩን ዘልሎ ቴፑን በቀጥታ ከስፒከሩ ጋር አገናኘው። ለሁለት ቀን አስደሰተ፣ በሦስተኛው ሌሊት የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ። ደንበኛው ጠዋት መጥቶ አልጮኸም። «ያ ሐበሻ፣ የድሮዬን መልስልኝ» ብቻ አለ። የድሮውን ደግሞ ባለፈው ቀን ለአላፊ አግዳሚ በርካሽ ሸጠነዋል። ሦስት ሳምንት ፈልገን አጣነው፣ ገንዘቡን ከፈልን፣ ሰውዬው ግን ዳግመኛ ወደ ሱቃችን አልመጣም።

ከዚያ ሽቦው ራሱ ተለወጠ። ቢኤምደብሊው በ2001 ባወጣው 7 ሲሪየስ ላይ ሬዲዮውን፣ አምፕሊፋየሩንና ሌሎቹን ያገናኘው በብርሃን ነው፤ መረጃ በቀጭን ፕላስቲክ ውስጥ በቀለበት ይዞራል። ከቀለበቱ አንዱን ዕቃ ዝም ብለህ ብትነቅል ድምፁ በሙሉ ይጠፋል። ሌሎቹም የቅንጦት መኪና ሠሪዎች ተከተሉ። ቀጥሎ ስክሪኑ የአየር ማቀዝቀዣውንም፣ የኋላ ካሜራውንም፣ የማስጠንቀቂያ ድምፁንም ጠቀለለ። ያቺ 180 በ50 ቀዳዳ ከውድ መኪኖች ላይ ቀስ በቀስ ጠፋች። «ሙገየር» የሚለው ቃል የተገለበጠው እዚህ ላይ ነው። ገዢው ሲሰማው የሚታየው አምፕሊፋየር መሆኑ ቀርቶ የተቆረጠ ሽቦ፣ ሌሊት የሚወርድ ባትሪ፣ የማይጠፋ የዳሽቦርድ መብራት ሆነ።

ድምፁስ? እኛ የምንሰማው ዘፈን በድምፃዊው ላይ የቆመ ነው፤ ክራር፣ ማሲንቆ፣ ሳክስፎን፣ የሱዳኖቹ ቫዮሊን። ከገበያ የተገዛ ትልቅ ቤዝ አብዛኛውን ጊዜ ይህን ይሸፍነዋል። ሌክሰስ ኤልኤክስ 570 ውስጥ ያለው ማርክ ሌቪንሰን 19 ስፒከርና 450 ዋት ነው፤ ከእኛ ካርቶን ቁጥር ጋር ሲተያይ ያንሳል፣ ሲከፈት ግን ጥላሁን ፊትህ ቆሞ የሚዘፍን ይመስላል። በ2013 የወጣው መርሴዲስ ኤስ ክላስ በበርሜስተር ድምፅ ሲታዘዝ 24 ስፒከርና 1540 ዋት አለው። ከእነዚህ ጋር መፎካከር የሚችል የውጭ ሥራ የለም አንልም። በሩን ሁሉ በድምፅ መከላከያ ለብጦ፣ የፋብሪካውን ምልክት ሽቦ ሳይቆርጥ ተቀብሎ፣ በማይክሮፎን እየለካ የሚያስተካክል ባለሙያ ይበልጠዋል። ዱባይ ተሠርተው ወደ ሪያድ የመጡ እንዲህ ያሉ ጥቂት መኪኖች አይተናል። የሥራው ዋጋ ብቻውን ግን ደህና ያገለገለ መኪና ይገዛል።

በነገራችን ላይ የስም ብዛት አያታልላችሁ። ጄቢኤል፣ ሀርማን ካርደን፣ ማርክ ሌቪንሰን፣ በመኪና በኩል ደግሞ ባንግ ኤንድ ኦሉፍሰን፣ ሁሉም የሀርማን እጅ ናቸው፤ ሀርማንን ደግሞ ሳምሰንግ በ2017 በ8 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶታል። ገበያው ላይ አራት ሆነው ይጣላሉ፣ ማታ አንድ ቤት ያድራሉ።

የፋብሪካው ድምፅ ግን ለእኛ ዓይነት ኑሮ አንድ ክፉ ጠባይ አለው። ሲበላሽ የሰፈር ሰው አይሠራውም፣ ከመኪናው ወጥቶም ሌላ ቦታ አይሠራም። ይህን የተረዳነው ሚያዝያ 15 ቀን 2023፣ ቅዳሜ፣ ተኩሱ ሲጀመር ነው። ሪያድ ከመጀመሪያዎቹ ቀናት ጀምሮ በጦርነቱ ውስጥ ነበረች። መኪኖች ከየግቢው ተወሰዱ፣ አስሊውም ሙገየሩም። ከእኛ መካከል አንዱ ነዳጅ አጥቶ መኪናውን ትቶ ሲወጣ ከወንበሩ ሥር ያለውን አምፕሊፋየር በ10 ቁጥር ቁልፍ ፈትቶ በብርድ ልብስ ጠቀለለው። በገዳሪፍ፣ በገላባት አድርጎ መተማ ሲገባ ከልብስ ሌላ የያዘው ንብረት እሱ ነበር። ጎንደር ላይ ሸጦት የሁለት ወር የቤት ኪራይ ከፈለበት። ቁልፍና ወረቀት ይዘው የወጡ የሌክሰስ ባለቤቶች ቁልፉ ዛሬም ኪሳቸው ውስጥ አለ።

አሁን ብዙዎቻችን አዲስ አበባ ነን። ኢትዮጵያ በ2024 መጀመሪያ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ የምናሻሽጠው በብዛት የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና ነው። ቀዳዳ የለውም፣ ቴፕ የለውም፤ ሁሉም ነገር ያ ትልቅ ስክሪን ነው። ጸጥታው ግን ለድምፅ ሲፈጠር ነው፤ ሞተር ስለማያጉረመርም ተራ ስፒከር እንኳ ጥሩ ይመስላል። ለቻይና ገበያ የተሠሩት ስክሪናቸው በቻይንኛ ስለሆነ ገዢው ገብቶ በሩን ይዘጋል፣ ስክሪኑን በጣቱ ይነካካል፣ ፊደሉን ያያል። ከዚያ ወደ እኛ ዞሮ «ጋሼ፣ ይሄ ነገር ይቀየራል?» ይላል። ሶማሌ ተራ አካባቢ አንድ ልጅ በላፕቶፕ ይቀይረዋል። እኛም ልጁ ሲሠራ ከጎኑ ቆመን እያየን ነው።