ከደጀ ሰላም እስከ መጋዘን፦ የቤተ ክርስቲያን እርዳታና የረሃብ ታሪክ ከአቃቂ በሰቃ ሲታይ

አቃቂ በሰቃ የድርቅ አገር አይደለም። ጥቁር አፈሩ ጤፍ፣ ሽምብራና ጓያ ያበቅላል። ከመሬቱ ሥር የሚወጣው ውሃ ደግሞ ዛሬ የአዲስ አበባ አንዱ የመጠጥ ምንጭ ሆኗል። ስለ ረሃብና ስለ ክርስቲያናዊ እርዳታ ለመጻፍ የተነሣ ሰው ኮረምን፣ ባቲን ወይም ዋግን ትቶ ከዚህ መጀመሩ እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ድሮ ከአሰብ፣ ኋላም ከጅቡቲ ተነሥቶ በናዝሬትና በደብረ ዘይት በኩል ወደ መዲናዋ የሚገባው መንገድ የሚያልፈው በዚህ ነው። የቀድሞው ባቡር ሐዲድም በዚሁ ያልፍ ነበር፤ ፋብሪካውና መጋዘኑም የተደረደረው ይህንኑ መስመር ይዞ ነው። በ1965 ዓ.ም. በወሎ ረሃብ ምክንያት የተመሠረተው፣ ብዙ ሰው «ሲሲአርዲኤ» እያለ የሚጠራው የክርስቲያን በጎ አድራጎትና ልማት ማኅበራት ኅብረትም ዋና መሥሪያ ቤቱ ቃሊቲ ነው። የእርዳታን ታሪክ ከመጠለያው ድንኳን ብቻ የሚያይ ጸሐፊ እህሉ በምን በኩል እንደመጣና ማን እንዳዘዘበት ያመልጠዋል።

የዚህ ጽሑፍ ክርክር አጭር ነው። በኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን እርዳታ ዋና ጉልበቱ ለተራበው ሰው ያለው ቅርበት ነበር፤ ባለፉት 50 ዓመታት ግን እህሉ በበዛ ቁጥር ቅርበቱ ሳስቷል።

የጥንቱን ሥርዓት ለመረዳት የበላዔ ሰብእን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። በየደብሩ ግድግዳ ላይ ተሥሎ የምናየው፣ የካቲት 16 በኪዳነ ምሕረት የሚተረከው ይህ ሰው 78 ነፍስ የበላ ነው። የዳነው በእመቤታችን ስም ለአንድ ለምጻም በሰጠው ጥርኝ ውሃ ነው፤ ሚዛን ላይ ሲቀመጥ ጥርኙ ውሃ ነፍሳቱን ሁሉ አነሣ። ታሪኩ የሰጪው ነፍስ ታሪክ መሆኑን ልብ ይሏል። ውሃውን የጠጣው ለምጻም ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነ ተራኪው ጉዳዬ አይለውም። ፍትሐ ነገሥትም ለምጽዋት ራሱን የቻለ አንቀጽ ሰጥቶ ስለ ሰጪው ልቡና አብዝቶ ይናገራል። በዚህ ትምህርት ላይ የቆመው ልማድ ግን ቀላል አልነበረም፤ ዝክሩ፣ ተዝካሩ፣ ሰንበቴው፣ በ12 የሚካኤል፣ በ21 የማርያም እየተባለ በደጀ ሰላሙ ነዳያን የሚበሉበት የማይታጠፍ የቀን መቁጠሪያ ነበር። አቅመ ደካማውን፣ ባሏ የሞተባትን፣ የቆሎ ተማሪውን አብልቶ ያኖረ ሥርዓት ነው።

ድርቅ ሲመጣ ግን ደጋሹም ራሱ ነዳይ ይሆናል። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀው ክፉ ቀን ይህን አሳይቷል። በምፅዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ በሬውን ሲፈጀው የሚያርስ ጠፋ፤ ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው መቆፈራቸውና ጎተራ ማስከፈታቸው እስከ ዛሬ ይወሳል። ከእነዚያ ዓመታት ሊቀር የሚገባው ትምህርት ግን ከንጉሡ ቸርነት ይልቅ የሕዝቡ መፍለስ ነው። የተራበው ወደ ቤተ መንግሥትና ወደ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ፈለሰ። ደጅ የደረሰ ገበሬ ደግሞ ማሳውን ጥሎ የመጣ ነው፤ ዝናብ ቢመለስ እንኳ የሚዘራ የለም።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚታለፍ ነገር አለ፤ መሬት። ሲሶው የቀዳሽ ነው የሚለው አባባል በልኬት ይጽና አይጽና፣ ቤተ ክርስቲያኒቱ ሰፊ የጉልት ባለቤት ነበረች። ካህኑ የሚበላው፣ ደጀ ሰላሙም የሚያበላው ከገበሬው ከሚገባ ግብር ነበር። አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት በ1965ቱ የወሎ ረሃብ ጊዜ የአገሪቱ ጠቅላላ ምርት ያን ያህል እንዳልወደቀ፣ የደሴ ገበያም ዋጋ ሰማይ እንዳልነካ፣ ገበሬው የሞተው መግዣ በማጣቱ እንደሆነ አሳይቷል። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምም ረሃብን ከገበሬው መገፋት ጋር አያይዘው ጽፈዋል። ሁለቱን አጣምሮ ያነበበ ሰው ግብር ተቀባዮች ሁሉ፣ ቤተ ክርስቲያኒቱም ጭምር፣ ከረሃቡ ምክንያት ውጭ እንዳልነበሩ ማየት ይኖርበታል። ይህን ማለት ለአንዳንድ አንባቢ ይከብድ ይሆናል፤ ሳይነገር መቅረቱ ግን ይበልጥ ይከብዳል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሆነ፤ ጉልቱም አብሮ አለቀ። ለቤተ ክርስቲያኒቱ ሕሊና ዕረፍት ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ግን ለረሃብ ቀን የምታወጣው የራሷ እህል አልነበራትም። ሰው በየአጥቢያው አላት፣ ጎተራ የላትም። ከዚህ ወዲህ የሚመጣው ሁሉ ከዚህ ይቀዳል።

የእርዳታ ተቋማቱ ግን ከአዋጁ አስቀድመው ቆመው ነበር። የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የልማትና የክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽኗን ያቋቋመችው በ1964 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ለውጭ አጋሮቿ የላከችው ደብዳቤ ዛሬም በነገረ መለኮት ትምህርት ቤቶች ይጠናል። የምዕራብ ለጋሾች ለልማት ሥራ እጃቸውን ሲዘረጉ ለወንጌል ሥራ ለምን እንደሚሰስቱ ጠየቀች፤ ሰውን ሥጋና ነፍስ ብሎ የሚከፍል እርዳታ የተሟላ አይደለም አለች። ዋና ጸሐፊዋ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ነበሩ። በ1971 ክረምት እሳቸውም፣ ከሥልጣን የወረዱት ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስም በደርግ ተገደሉ። የመካነ ኢየሱስ ዋና መሥሪያ ቤት በ1974 ተወረሰ። ሦስት ዓመት ሳይሞላ ያው መንግሥት ሕዝቡን ለመመገብ የእነዚሁኑ አብያተ ክርስቲያናት እጅ ፈለገ።

መጋቢት 1976 በሻለቃ ዳዊት ወልደ ጊዮርጊስ የሚመራው የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን 5.2 ሚሊዮን ሰው እርዳታ እንደሚሻ አስታወቀ። የሚያስፈልገው እህል 900,000 ቶን ሆኖ ሳለ የጠየቀው 450,000 ብቻ ነበር፤ ከዚያ በላይ ቢመጣ ወደቡና ካሚዮኑ አይችለውም። የተራበው ሰው ድርሻ የተቆረጠው ገና በወረቀት ላይ፣ በማጓጓዣ አቅም ልክ ነው ማለት ነው። መስከረም ላይ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በድግስ ተከበረ። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ማይክል ቡርክ የዘገበውና መሐመድ አሚን የቀረጸው የኮረም ምስል በቢቢሲ ሲታይ ዓለም ተንጫጫ። የሟቹ ግምት ከ400,000 እስከ አንድ ሚሊዮን ይደርሳል።

በዚያ ወቅት ከእህሉ መጠን ያላነሰ ትልቅ ነገር ተፈጸመ። የኦርቶዶክስ፣ የካቶሊክና የመካነ ኢየሱስ አብያተ ክርስቲያናት ከሉተራን ዓለም ፌዴሬሽንና ከአሜሪካው የካቶሊክ እርዳታ ድርጅት ጋር በጋራ መሥራት ጀመሩ። በአንድ ጽዋ የማይቆርቡ በአንድ መጋዘን ተስማሙ። ይህ ጥምረት በ1982 ዓ.ም. በመንግሥትና በሕወሓት ስምምነት ከአሰብ በደሴ በኩል የጦር ግንባሩን ተሻግሮ ወደ ትግራይ እህል አስገብቷል። ከዚያ በፊት ጥቅምት 1980 የእርዳታ እህል የጫኑ 23 ካሚዮኖች ኤርትራ ውስጥ መቃጠላቸውን ያስታወሰ ሰው፣ ያ ስምምነት ምን ያህል ከባድ እንደነበር ይገባዋል። ሁለቱም ወገን እምነቱን የጣለው መትረየስ በሌለውና በግንባሩ ግራና ቀኝ ምእመን ባለው አካል ላይ ነበር።

የመጠለያው ጉዳይ ደግሞ አለ። በኮረምና በባቲ ሰው የሞተው በባዶ ሆድ ብቻ ሳይሆን በኩፍኝ፣ በተቅማጥና በተስቦ ነው፤ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ በአንድ ሜዳ ሲተኛ በሽታው እንደ ሰደድ እሳት ይዛመታል። ድርቁ በ1980 ሲመለስ እህሉ ቀድሞ ወደየወረዳው ስለወጣ ያ ዓይነት መጠለያ በብዛት አልታየም። ገበሬው ራሽኑን ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ በሬውን አልሸጠም፣ ዘሩን አልበላም። በአንጾኪያ ሸለቆ ወርልድ ቪዥን የ1977ቱን መጠለያ ዘግቶ ወደ ዛፍ ተከላና ወደ አትክልት ልማት መዞሩም ከዚሁ ትምህርት የመጣ ነው።

የእደላውን ሜዳ ቀረብ ብሎ ማየት ጥሩ ነው። የተለመደው የወር ራሽን ለአንድ ሰው 15 ኪሎ ስንዴ፣ አንድ ኪሎ ተኩል ክክና ግማሽ ሊትር ያህል ዘይት ነው። ጆንያው 50 ኪሎ ይይዛል። ለሦስት ሰው ቢሰፈር አምስት ኪሎ ይተርፋል፤ ያ ትርፍ ነው ጠብ የሚያነሣው። ስለዚህ ሰዉ አሥር አሥር ሆኖ ይቧደናል፤ ለአሥሩ ሦስት ጆንያ ልክ ይመጣል። ከዚያ ቡድኑ ጥላ ፈልጎ በጣሳ እየሰፈረ ይከፋፈላል፤ የፈሰሰውን ልጆች ከአፈር ይለቅማሉ። ቡድኑ ውስጥ ማን ከማን ጋር ይሁን፣ የታመመችዋን ማን ይውሰድላት የሚለውን የሚወስኑት የአጥቢያው ሰዎች ናቸው። ይህን ዕውቀት የትኛውም መጋዘን ሊያከማቸው አይችልም።

ነቀፋው ቀላል አይደለም። ደርግ ወደ 600,000 ሰው በሠፈራ ስም ወደ ደቡብና ምዕራብ ሲያጓጉዝ አብዛኞቹ ድርጅቶች ሥራቸው እንዳይቋረጥ ዝምታን መረጡ፤ የተናገረው የፈረንሣዩ የሐኪሞች ማኅበር በ1978 ተባረረ። ዝምታው ሕይወት አድኗል የሚል መልስ ይሰጣል፤ እኔ ግን ሒሳቡ ገና አልተዘጋም ባይ ነኝ።

ሁለተኛው ነቀፋ ጥገኝነት ነው። በ2008 በኤልኒኞ ድርቅ እርዳታ የሚሻው ሰው 10.2 ሚሊዮን ተባለ። በራሽኑ ልክ ቢሰላ በወር 1.53 ሚሊዮን ኩንታል መሆኑ ነው፤ 400 ኩንታል የሚጭን ተሳቢ ካሚዮን ቢመደብ ከ3,800 በላይ ጉዞ። ይህን የሚሸከም ሰንበቴ የለም። መንግሥት ከራሱ ካዝና ብዙ አውጥቷል፤ አብያተ ክርስቲያናቱ ግን የሚያድሉት በአመዛኙ የአሜሪካ መንግሥት ስንዴ ነበር። ሰኔ 2015 እህል ተዘርፏል ተብሎ የአሜሪካ እርዳታ በመላ አገሪቱ ሲቆም፣ ዘራፊውም ያልዘረፈውም፣ ቤተ ክርስቲያን የመደበችው አዳይም በአንድ ትእዛዝ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። ጥር 2017 የአሜሪካ የውጭ እርዳታ በጠቅላላ ሲታገድ ደግሞ ከወሎ ገበሬ ጋር የሚያገናኘው አንዳች ምክንያት አልነበረም።

ወደ አቃቂ ስንመለስ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየሞቹ የተሠሩት ጤፍ ይታጨድበት በነበረ መሬት ላይ ነው። ካሳውን የጨረሰ ገበሬ ዘበኛ ወይም የቀን ሠራተኛ ሆኗል፤ ልጁ ከመጋዘን መጋዘን ጫኝና አውራጅ ነው። ሥራ የጠፋበት ሳምንት ቤቱ እንጀራ የለም። የእርዳታ ፈላጊዎች ዝርዝር የሚወጣው ዝናብና ሰብል ታይቶ ስለሆነ እሱ አይመዘገብም፤ በአቃቂ ዝናቡ ዘንቧል። የሚያውቁት የአጥቢያው ሰንበቴና እድሩ ናቸው፤ የእነሱም ሙዳየ ምጽዋት የሚሞላው ያንኑ የቀን ሥራ ከሚጠብቁ ጎረቤቶቹ ኪስ ነው።