ሙቀትን የማውጣት ታሪክ፦ የናፍጣ ካሚዮን ራዲያተርና ያልተጻፈው የጽዳት ሥራ



የዛሬው ርእሴ በታሪክ ትምህርት ክፍል አዳራሽ ውስጥ ጥቂት እንግዳ ሊመስል ይችላል። የምናገረው የናፍጣ ሞተር ያላቸው የጭነት መኪኖች ሙቀታቸውን ሲያወጡ ስለኖሩበት መንገድ፣ በተለይም ስለ ራዲያተራቸው ጽዳት ነው። መከራከሪያዬ አጭር ነው። የራዲያተር ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው እንደ ፈጠራ ታሪክ ነው። እኔ ግን እያንዳንዱ ፈጠራ ሞተሩን ባበረታ ቁጥር በአንድ ሌላ ሰው ትከሻ ላይ አዲስ የጽዳት ሥራ እንደጫነ፣ ይህም ሥራ ከዘመን ወደ ዘመን ከዓይን እየተሰወረ እንደሄደ ለማሳየት እሞክራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ነገሩን ከሥሩ እንመልከት። ሩዶልፍ ዲዝል በ1897 በጀርመን አውግስቡርግ ከተማ ሞተሩን ሲያስፈትን፣ ከነዳጁ ጉልበት 26 በመቶ የሚሆነውን ወደ ሥራ መለወጡ ዓለምን አስደነቀ። ስለዚያ 26 በመቶ ብዙ ተጽፏል። የቀረው ከ70 በመቶ በላይ የሆነው ጉልበት ግን ሙቀት ሆኖ መውጫ መፈለግ ነበረበት። ከፊሉ በጭስ መውጫው ይሄዳል፤ ከፊሉን ደግሞ በሞተሩ ግድግዳ ውስጥ የሚዞረው ውሃ ይሸከመዋል። ውሃው ግን ተሸካሚ እንጂ መድረሻ አይደለም፤ ሸክሙን የሚያራግፈው በነፋስ ላይ ነው። ስለዚህ የማቀዝቀዝ ታሪክ በመጨረሻ የነፋስ መንገድ ታሪክ ነው፤ መንገዱ ከተዘጋ ውሃው ቢሞላም ከንቱ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሞተሮች ውሃን እያፈሉ በእንፋሎት በመልቀቅ ይቀዘቅዙ ነበር። አንድ ቦታ ለቆመ ሞተር ይህ ይበቃ ይሆናል፤ ለሚጓዝ መኪና ግን የውሃው ክብደትም ፍጆታውም የማይቻል ነበር። በ1900 ቪልሄልም ማይባህ ለዳይምለር ኩባንያ የሠራው የንብ እንጀራ መሰል ራዲያተር መልሱን ይዞ መጣ። በውስጡ 8070 ትናንሽ ቱቦዎች ነበሩት፤ የእያንዳንዳቸው አፍ ስፋት 6 በ6 ሚሊ ሜትር ነበር። ነፋሱ በቱቦዎቹ ውስጥ ያልፋል፤ ውሃው በመካከላቸው ባለው ጠባብ ክፍተት ይወርዳል። ከኋላው የተተከለው ማራገቢያም መኪናው በዝግታ ሲሄድ ነፋስ ይስብለታል። በዚህ ብልሃት ቀድሞ 18 ሊትር ውሃ ይፈልግ የነበረው ሥራ በ9 ሊትር ተቻለ።

የታሪክ መጻሕፍት እዚህ ላይ ያጨበጭባሉ። እኔ ግን በቁጥሮቹ ላይ ጥቂት ልቆይ እወዳለሁ። ውሃን በግማሽ የቀነሰው ጥበብ 8070 የሚደፈኑ ቀዳዳዎችንም አብሮ ፈጥሯል። ገንዳ አይደፈንም፤ ስድስት ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ግን በአንድ ዝንብ፣ በአንድ ገለባ፣ በአንድ ጠብታ ጭቃ ይደፈናል። የራዲያተር ጽዳት የሚባለው ሥራ የተወለደው በዚያው ዕለት ነው ማለት ይቻላል።

የናፍጣ ሞተር ወደ ጭነት መኪና የገባው በ1920ዎቹ ነበር። ከጀርመን ኩባንያዎች አንዱ የሆነው ማን በ1924 በበርሊን የመኪና ትርዒት ላይ ናፍጣን በቀጥታ ወደ ሲሊንደር የሚረጭ ሞተር ያለው ካሚዮን አሳየ። ፊያት በ1931 634 የተባለውን ከባድ የናፍጣ ካሚዮን አቀረበ። እንዲህ ያሉት ካሚዮኖች ወደ አፍሪካ ቀንድ በብዛት የመጡት በ1935 ከጀመረው የፋሺስት ወረራ ጋር ነው። ታሪካቸው የወረራ ታሪክ መሆኑን ሳንዘነጋ፣ ከወራሪው መውጣት በኋላም የካሚዮን ሥራ በምድራችን እንደቀጠለ ማስታወስ ይገባናል። የጋራዥ ቋንቋችን ምስክር ነው፤ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ቴስታታ፣ ባሌስትራ እያልን የምንጠራቸው ክፍሎች ስማቸውን ያገኙት ከጣሊያንኛ ነው። ኋላም የፊያት 682 ኤን 3 ሞዴል በሾፌሮች አንደበት «ኤንትሬ» ተብሎ የአገር ስም አወጣ።

ከአሰብ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደውን መንገድ አስቡ። ካሚዮኑ ከባሕር ጠረፍ ይነሣል፤ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ የሚደርሰውን የአፋር ቆላ ያቋርጣል፤ በሚሌ፣ በባቲ፣ በኮምቦልቻ አድርጎ ደብረ ሲና ሲደርስ፣ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጣርማ በር ይጠብቀዋል። ለራዲያተር ከዚህ የከፋ ፈተና ማሰብ ያስቸግራል። ሽቅብ ሲወጣ ሞተሩ ሙሉ ጉልበቱን ያወጣል፤ መኪናው ግን የሚሄደው በእግረኛ ፍጥነት ነውና ከፊት የሚመጣ ነፋስ የለውም። በከፍታው ምክንያት አየሩ ሳስቷል፤ የሳሳ አየር ደግሞ የሚሸከመው ሙቀት ጥቂት ነው። በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ እዚያ ከፍታ ላይ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ኋላ የተስፋፋው ግፊት የሚይዝ የራዲያተር ክዳን ይህን የመጨረሻውን ችግር አቃልሎታል፤ የነፋሱን ችግር ግን አልነካውም።

በዚህ መንገድ ላይ ጀሪካን ይዞ ወደ ወንዝ የሚወርደው ረዳቱ ነበር። የወንዝ ውሃ ማዕድን አለው፤ በጋለ ብረት ላይ ሲቆይ ነጭ ቅርፊት ይሠራል፤ ቅርፊቱም ሙቀትን ከመዳብ እጅግ ያነሰ ያሳልፋል። ስለዚህ በዚያ ዘመን ራዲያተር ከውጭም ከውስጥም መጽዳት ነበረበት። ከመዳብና ከነሐስ የተሠራው ራዲያተር ለዚህ ይመች ነበር። ባለሙያው የላይኛውንና የታችኛውን ጋን ብየዳ በእሳት አቅልጦ ይከፍታል፤ በቱቦዎቹ ውስጥ ቀጭን ዘንግ እየሰደደ ቅርፊቱን ይፈነቅላል፤ መልሶም ይበይዳል። ሥራው ጊዜ ቢወስድም ዕቃው ራሱ ለመከፈት ተብሎ የተሠራ ያህል ነበር፤ ቆሻሻውም ለዓይን ይታይ ነበር።

አሁን ወደ ሁለተኛው ለውጥ ልሻገር። ስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ቡኺ በ1905 የጭሱን ጉልበት አየር ለመጭመቅ የሚያውል መሣሪያ የባለቤትነት መብት አስመዘገበ፤ ይህም ዛሬ ተርቦ የምንለው ነው። ቮልቮ በ1954 ተርቦ ያለው ካሚዮን ለገበያ አቀረበ። አየር ሲጨመቅ ግን ይግላል፤ የጋለ አየር ደግሞ ይሳሳል። ስለዚህ የተጨመቀውን አየር የሚያቀዘቅዝ ሌላ ክፍል፣ ኢንተርኩለር፣ ከራዲያተሩ ፊት ተተከለ። የሾፌሩ ክፍል አየር ማቀዝቀዣ ሲመጣ ኮንደንሰሩ ደግሞ ከኢንተርኩለሩ ፊት ቆመ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ የናይትሮጅን ኦክሳይድን ልቀት ለመቀነስ ከጭሱ ከፊሉን አቀዝቅዞ ወደ ሞተሩ የመመለስ ዘዴ ሲስፋፋ፣ በውሃው ላይ ተጨማሪ ሸክም ወደቀ። ራዲያተሩ ብቻውን መሆኑ ቀርቶ በተደራረቡ ማቀዝቀዣዎች ተርታ መጨረሻ ላይ የሚቆም ሆነ። ወደ እርሱ የሚደርሰው ነፋስም አስቀድሞ በሁለቱ ክፍሎች ውስጥ አልፎ የሞቀ ነው።

የታሪኩ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። በተደራረቡት ክፍሎች መካከል ጠባብ ክፍተት አለ። ከፊተኛው ክፍል ያመለጠ አቧራና ገለባ በዚህ ክፍተት ይከማቻል፤ ከሞተሩ የሚወጣ የዘይት ጉም ሲያገኘው እንደ ጭቃ ይጣበቃል። ከፊት የሚመለከት ሰው የሚያየው የታጠበና የሚያብረቀርቅ ገጽ ነው። በቧንቧ ውሃ ከፊት ወደ ኋላ የሚያጥብ ሰው ደግሞ ሳያውቅ ቆሻሻውን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ሙቀቱም እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ቀስ በቀስ ይጨምራል፤ በሜዳ ላይ አይታወቅም፤ በአቀበት ላይ ግን ይጋለጣል።

ስለዚህ ትክክለኛው ጽዳት የነፋሱን ጉዞ የሚቃወም ነው። ሞተሩ እስኪበርድ ይጠበቃል፤ ክፍሎቹ እርስ በርስ ይለያያሉ፣ ወይም ቢያንስ በመካከላቸው እጅ የሚያስገባ ያህል ይከፈታሉ፤ ከዚያም በሞተሩ በኩል ሆኖ ወደ ፊት በመጠነኛ ግፊት አየር ይነፋል፣ ውሃም ይረጫል። ዘይት የያዘው ቆሻሻ ለአሉሚኒየም የሚስማማ ለስላሳ ሳሙና ይፈልጋል። የዛሬዎቹ ራዲያተሮች እንደ ድሮዎቹ የመዳብ አይደሉምና ኮስቲክ ሶዳን የመሰለ ብርቱ መድኃኒት ይበላቸዋል። በቅርብ የተተኮሰ ከፍተኛ ግፊት ያለው ውሃም ስስ ክንፎቻቸውን አጣጥፎ የነፋሱን መንገድ ይደፍናል። በመጨረሻ በክፍሎቹ ዙሪያ ያሉት የጎማ መዝጊያዎች ይመለሳሉ፤ ካልተመለሱ የጋለው አየር ዞሮ እንደገና በፊት በኩል ይገባል። ይህ ሁሉ ሲሟላ ሙቀቱ ይወርዳል። በአስሮች የሚቆጠር የፈረስ ጉልበት ሊበላ የሚችለው ማራገቢያም ያርፋል፤ ናፍጣም ይቆጠባል።

እንግዲህ ይህ ለታሪክ ባለሙያ ምን ይጠቅመዋል? እንግሊዛዊው የታሪክ ምሁር ዴቪድ ኤጀርተን የቴክኖሎጂ ታሪክ ከፈጠራ ይልቅ በአገልግሎትና በጥገና ዙሪያ እንዲጻፍ ከሚሞግቱት አንዱ ናቸው። የካሚዮኑ ራዲያተር ይህን ሐሳብ ያጠናክራል፤ አንድ ነገር ግን ልጨምርበት። ሥራው ከዓይን ሲሰወር ተጠያቂነቱም ይዛባል። በ1998 የተቀሰቀሰው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት የአሰብን መንገድ ከዘጋ ወዲህ የአገራችን ጭነት በዋናነት ከጅቡቲ ነው የሚመጣው፤ ሆኖም ካሚዮኑ ዛሬም ያንኑ ቆላ አቋርጦ ያንኑ ደጋ ይወጣል። ሞተሩ ግሎ ቴስታታው ሲጣመም በመጀመሪያ የሚወቀሰው ሾፌሩ ነው፤ ቀጥሎ በውጭ ምንዛሪ አዲስ ራዲያተር ይገዛል። በክፍተቱ መካከል የተጋገረውን አቧራ የሚጠይቀው የለም። የአምራቾቹ የጥገና መጽሐፎችም ቢሆኑ መኪናው በአቧራና በሙቀት ውስጥ ሲሠራ የጽዳቱ ጊዜ ይጠር ብለው ያልፋሉ፤ ምን ያህል ይጠር የሚለውን የሚወስነው በመንገዱ ላይ ያለው ሰው ነው።

ያ ሰው የሚያውቀው ነገር በየትኛውም ቤተ መዛግብት አልተቀመጠም። በየትኛው ወር የትኛው ቆላ ምን ዓይነት አቧራ እንደሚያነሣ፣ በየስንት ጉዞው ክፍሎቹ መከፈት እንዳለባቸው የሚያውቁት ረዳቶቹ፣ ሾፌሮቹና ጋራዠኞቹ ናቸው። የመዳብ ራዲያተርን ከፍተው የሚዘነግጉት ባለሙያዎች በዕድሜ እየገፉ ነው፤ አሉሚኒየሙና የፕላስቲኩ ጋን ደግሞ ሙያቸውን ተተኪ አሳጥቶታል። ለዚህ ትምህርት ክፍል ተማሪዎች የማቀርበው ጥሪም ከዚህ የሚነሣ ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ስትፈልጉ መቅረጸ ድምፅ ይዛችሁ ወደ ጋራዥ ውረዱ። ማይባህ የፈጠረውን ዓለም ያውቃል፤ የማይባህን ፈጠራ በአፋር ቆላ ላይ ሲሠራ ያቆዩትን ሰዎች ግን ዛሬ ካልጠየቅናቸው ነገ የሚነግረን አናገኝም።