ቁም ጸሐፊውና ግንበኛው

ታናሽ ወንድሜ የፍሬሽማን ዓመቱን ጨርሶ ዲፓርትመንት ሊመርጥ ነው። ሶፍትዌር ወይስ ባዮሜዲካል? አጎታችን «ሶፍትዌሩን ኤአይ በልቶታል፣ አርፈህ የሆስፒታል ማሽን መጠገን ተማር» ይለዋል። ወንድሜ ደግሞ «ጋሼ፣ ማሽኑንስ ማሽን አይጠግነውም ያለዎት ማነው?» ይላል። እኔ ታሪክ ስለማነብ ብቻ ዳኛ ተደረግሁ። ስለ ነገ የማውቀው የለኝም፤ ስለ ጎንደር ግን ትንሽ አውቃለሁ።

ፋሲለደስ በ1636 እ.ኤ.አ. ጎንደርን መናገሻ ሲያደርጋት ከተማዋ ከሁሉ በፊት ሁለት ባለሙያ ፈለገች፤ ግንበኛና ቁም ጸሐፊ። ቤተ መንግሥቱ ግንብ ይፈልጋል፣ አብያተ ክርስቲያናቱ መጽሐፍ። ጸሐፊው የፍየል ቆዳ ዘፍዝፎ፣ ወጥሮና ፍቆ ብራና ያወጣል። በወስፌ ያሰምራል፣ የመቃ ብዕሩን ይቀርጻል፣ ጥቁሩን ቀለም ራሱ ይበጠብጣል፤ ቀዩን ለቅዱሳን ስም ያቆያል። በዚያ ዘመን «ጉልህ» የሚባለው ደማቅ አጣጣል የጎንደር መለያ ሆነ። ግንበኛው በበኩሉ ድንጋይና ኖራ ይዞ ይውላል። ከግንበኞቹ መካከል ቤተ እስራኤሎች ነበሩ፤ አገሬው ሙያቸውን እየፈለገ እነሱን ግን ይንቅ ነበር። ያኔ «ለልጅህ የቱን ትመርጣለህ?» ቢባል መልሱ አያጠራጥርም፤ ብዕሩን!

ታዲያ ጎንደር ከመቆርቆሯ 123 ዓመት በፊት፣ በ1513 እ.ኤ.አ.፣ ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ ሮም ላይ የግዕዝ ዳዊት አሳትሟል። ግዕዙን ያስተማሩትም እዚያው ሮም የነበሩ ኢትዮጵያውያን ናቸው። (ኤአይ ከኛው ጽሑፍ አማርኛ መማሩ ለሚገርማችሁ፣ ነገሩ አዲስ አይደለም።) ማለትም የጎንደር ጸሐፊ ብዕሩን ሲቀርጽ፣ የሚተካው ማሽን ፊደሉን አስቀድሞ ቆጥሯል። ጸሐፊውን ያቆየው ርቀት ብቻ ነበር። ዛሬ «ኤአይ አማርኛ አይችልም» እያሉ የሚጽናኑ ሰዎችን ስሰማ ይህ ትዝ ይለኛል።

ርቀቱ አለቀ። በ1921 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ተቋቋመ፤ የታተመ ዳዊት በየገበያው ደረሰ። የወራት ሥራ በጥቂት ብር ይሸጥ ጀመር። ግን ሁሉም አልሞተም። ክታብ ቀረ። ክታብ የባለቤቱ የክርስትና ስም ይገባበታል፣ ብዙ ጊዜም በቁመቱ ልክ ይቆረጣል፤ ሺህ ኮፒ ቢታተም ለማን ይሆናል?

ግንበኛውም አላመለጠም። ጣሊያን ከ1936 እስከ 1941 ጎንደር ሲቀመጥ ሲሚንቶ ይዞ መጣ፤ ፒያሳን ሠራ፣ የነገሥታቱን ግንብም በሲሚንቶ ጠገነ። ግንበኛው ሥራ አልፈታም፤ ድንጋይ እንደሆነ እያንዳንዱ መልኩ ለየቅል ነው፣ ሲሚንቶም መጣ ኖራ አይቶ የሚያስቀምጠው እጅ ይፈልጋል። የኖራው እውቀት ግን ተገፋ። ኋላ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ግንቡ ሲታደስ ያ ሲሚንቶ ተነሥቶ ኖራ ተመለሰ።

እንግዲህ ወደ ወንድሜ። ሎግኢን ገጽና መመዝገቢያ ፎርም እየደጋገሙ መጻፍ ዳዊት መገልበጥ ነው፤ ያ ሥራ ተበልቷል ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ካርድ ክፍል ከምትሠራው ሴትዮ ጋር ተቀምጦ የበሽተኛ ካርድ ለምን እንደሚጠፋ ማወቅና ለዚያ ቤት የሚሆን ሲስተም መሥራት ግን ክታብ ነው። ባዮሜዲካሉም እንዲሁ ሁለት ገጽ አለው። የስህተት ኮድ አይቶ ማኑዋል ማገላበጡን ኤአይ ይችለዋል። ዳባት ወይም ደባርቅ ጤና ጣቢያ ሄዶ፣ መብራት ሲመጣ ሲሄድ ያቃጠለውን ኦክስጅን ማሽን ፈቶ፣ የሌለ መለዋወጫ በሌላ መተካት ግን ድንጋይ መጥረብ ነው። ለዚህ ሲሚንቶው ኤአይ አይመስለኝም፤ የማይፈታ ሆኖ የተሠራ፣ ሲበላሽ ተጥሎ ሌላ የሚገዛለት ዕቃ ነው።

ለጀማሪ የቱ ይሻላል ብባል ባዮሜዲካል እላለሁ፤ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ደቀ መዝሙሩ እጁን ያፍታታው ዳዊት እየገለበጠ ነበር። ግልበጣው ሲቀር ክታቡን የሚጽፍ እጅ ከየት ይመጣል? ጀማሪ ፕሮግራመርም ሙያውን የሚለምደው በዚያችው አሰልቺ ፎርም ነው።

ይህን ሁሉ ለወንድሜ አወራሁለት። «እሺ፣ ታዲያ ምን ልሙላ?» አለኝ። አንደኛ ባዮሜዲካል፣ ሁለተኛ ሶፍትዌር ሞላ። ሌሊት ስነቃ ግን ላፕቶፑ በርቷል፤ ያቺኑ ፎርም በገዛ እጁ እየጻፈ ነው።